የመልስ ካብ

የከተማችንን ስም ባልጽፈው ይሻላል። ከጻፍኩት «የለም፣ ከተማ ሳትሆን መንደር ናት» ብሎ መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ለእሱ መልስ የሚሰጥ ሌላ ይነሳል፤ እኔም ዝም ማለት አቅቶኝ እገባበታለሁ፤ ታሪኩም እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከተማችን ብቻ እንበላት።

ከተማችን ጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ዙሪያዋ ተራራ ነው። በምሥራቅ በኩል ብቻ ሁለት ተራሮች ትንሽ ይራራቁና ጠባብ ክፍተት ይተዋሉ፤ ያንን ክፍተት ነፋስ በር እንለዋለን። መሃሏ ላይ ትልቁ ምድጃ አለ። ምድጃው በስድስት አፉ የድንጋይ ከሰል ይበላል፣ ውሃ ያፈላል፣ በእንፋሎቱም ወፍጮውንና የውሃ መሳቢያውን ያንቀሳቅሳል። ጢሱን በነፋስ በር የሚገባው ነፋስ ጠርጎ ይወስድልናል፤ ነፋሱ የደከመ ቀን ግን እላያችን ላይ ይተኛል። ነጭ ልብስ የምንለብሰው ለሠርግ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ነጭ የሚሆነው ሙሽራዋ ከቤት እስክትወጣ ድረስ ነው።

እኔ እርገጤ እባላለሁ። ሥራዬ ማንበብ ነው። ምን እንደማነብ ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ካቡ መንገር አለብኝ።

ካቡ ከአደባባዩ ይነሳል። ጭቃ የለበትም፣ ኖራ የለበትም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረ ነው። ሐሳብ ያለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ ጥቀርሻ በሙጫ በጥብጦ የሚለውን ይጽፍበታል፤ ካቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። መንገደኛም ቢሆን ይጽፋል፣ መንገደኛም ቢሆን ያነባል። አያቶቻችን ሲጀምሩት ሦስት ሕግ አወጡለት። የሌላውን ሰው ድንጋይ መንካት ክልክል ነው። አዲስ ነገር ያመጣ ሰው መጀመሪያ ካቡ ላይ ያቅርብ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራ ላይ አያውለው። ክርክር አለቀ የሚባለው ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ነው።

ሕጎቹ ክፉ አልነበሩም። የጎዳን ጨዋነታችን ነው። በእኛ ዘንድ የሰውን ቃል ያለ መልስ መተው፣ እንግዳ ደጅ አቁሞ በር እንደ መዝጋት ይቆጠራል። አባቴ ሊሞት ሲል ሁለት መልስ ይቀረኛል ብሎ ተክዞ ነበር፤ እኔ ሰጠሁለት። በዚህ የተነሳ በእኔ ዕድሜ ሲያልቅ ያየሁት ክርክር አንድ ብቻ ነው። ስለ ጃንጥላ ነበር፤ ያለቀውም ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ጥሎ ማንም ከቤቱ መውጣት ስላልቻለ ነው።

እኔ እንግዲህ ማንበብ ለማይችለው ሰው ድንጋዮቹን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ መጻፍ ለማይችለውም እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም አላነብም ነበር። ከካቡ ግርጌ ያሉት የጥንት ድንጋዮች ብዙ ደግ ነገር ተጽፎባቸዋል፤ የተሰበረ አጥንት እንዴት እንደሚታሰር፣ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ እንዳይገባ ምን እንደሚደረግ። እነሱን ሳነብ ሰዉ ያዛጋል። «ይህን የጻፈው ደንቆሮ» ብሎ የሚጀምር ድንጋይ ሳነብ ግን አደባባዩ ይሞላል። እኔም ሰው ነኝና የሚሞላልኝን አነብ ነበር።

አንጓች ድንኳን ሰፊ ናት። ቤቷ የከተማው መጨረሻ፣ ከነፋስ በር ሥር ነው። ባሏ ሞላልኝ ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃው ላይ ከሰል ሲማግድ ኖሮ ደረቱ ተበላሽቶ ቤት ውሏል። ሲተነፍስ ከደጅ ይሰማል። ሐኪሙ መጥቶ አየውና አንጓችን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ ይህ ሰው ጢስ ካልቀነሰለት የሚመጣውን ክረምት አያልፍም አላት። ከተማውን ለቀው እንዳይሄዱ፣ ሞላልኝ ሃያ እርምጃ ከሄደ የሚያርፍ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው ተራራውን ሊያሻግሩት ሞክረው ነበር፤ የተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ከንፈሩ ጠቆረባቸውና ደንግጠው መለሱት።

አንጓች ማንበብ አትችልም። ከዚያ ወዲህ ግን ከካቡ አትጠፋም ነበር፤ ለደረት የሚሆን ነገር የጻፈ ቢኖር ብላ ግርጌ ግርጌውን ታስነብበኛለች። አንድ ቀን ሥዕል ያለበት ድንጋይ አገኘች። እኔ እያዛጋሁ አነበብኩላት። «ሸራ የለበሰ መንኮራኩር ነው። ነፋስ ያዞረዋል። ገመድ ቢታሰርበት ውሃ ይስባል። ጢስ የለውም። የሠራሁት በሩቅ አገር ነው፤ የፈለገ ይውሰደው» ይላል። ስም የለውም። እስኪ ይድገሙልኝ አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በጥቅምት ወር ከድንኳን ሸራዋ የሠራችው መንኮራኩር ከቤቷ በላይ፣ ከነፋስ በር አፍ ላይ ተተከለ። ቁመቱ ከሁለት ሰው አይበልጥም። በተተከለበት ቀን ዞረ።

ሕግ ነውና ከሥራ በፊት ካቡ ላይ ማቅረብ ነበረባት። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፦ «የነፋስ መንኮራኩር ሠርቻለሁ። ይዞራል። ገመድ ልሰርበትና ውሃውን እሱ ይሳብ፤ ምድጃውም ከስድስት አፉ ሦስቱን ይዝጋ። ባሌ መተንፈስ ይፈልጋል።» ከድንጋዩ ጥግ ላይ ድንኳን ስትሰፋ እንደምታደርገው የመስቀለኛ ስፌት ምልክት አደረገችበት። የካቡ ሹም ጓንጉል ድንጋዩን ተቀብሎ መዘገበና፣ ክርክሩ እስኪያልቅ መንኮራኩሩ ለማሳያ ያህል ብቻ እንዲዞር፣ ገመድ ግን እንዳይነካው አዘዘ። እንዲህ ሆኖ ባዶውን ይዞር ጀመር።

የመጀመሪያው መልስ ደህና ነበር። ነፋስ የቆመ ቀንስ ምን ሊሆን ነው ይላል። አንጓች ነፋስ ሲኖር ውሃው ኮረብታው ላይ ወዳለው ኩሬ ይወጣል፣ ሲቆም ከዚያ እየወረደ ይጠጣል ብላ አስጻፈችኝ። እኔ በየዋህነት ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

በማግስቱ አቶ ቢተው መጡ። አቶ ቢተው የከተማችን አንደኛ ጸሐፊ ናቸው። ብዕራቸው የተባ ነው፤ በሕይወታቸው ተሸንፈው አያውቁም፤ ከቤታቸው እስከ ካቡ ካልሆነ በቀር ሌላ መንገድም አያውቁም። ድንጋያቸው ላይ «ዞረ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። ለመሆኑስ መዞሩን ማን አየ?» ብለው ጻፉ። ጧት ስለነበር የመንኮራኩሩ ጥላ እስከ አደባባዩ ድረስ ይደርሳል፤ ሲጽፉ ጥላው ጀርባቸው ላይ ይዞር ነበር። ግን ጥላ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ስላልሆነ መልስ ሊባል አይችልም። አንጓች «ዞር ብለው ይዩ» አስባለችኝ። አቶ ቢተው ዞር በል ማለት ትእዛዝ እንጂ ማስረጃ አይደለም ብለው መለሱ፤ ሰዉም አጨበጨበላቸው።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። አንዱ የወፎቹ ነገር እንዴት ይሆናል አለ፤ ምድጃው ከተሠራ ጀምሮ ከተማችን ወፍ አይታ አታውቅም። አንዷ የአንጓች መርፌ በምድጃው እሳት የተቀጠቀጠ ስለሆነ ስለ ጢስ የመናገር መብት የላትም አለች። ሌላው መንኮራኩሩ ነፋሱን ከጨረሰው ልጆቻችን ምን ይተነፍሳሉ ብሎ አለቀሰ። እነዚህ ተቃዋሚዎቹ ናቸው። የባሰው የደጋፊዎቹ ነበር። ሸራው ስድስት ይሁን የሚሉና ስምንት ይሁን የሚሉ ተነሱ፤ ስምንቶቹ ስድስቶቹን የምድጃ ወዳጆች ናችሁ አሏቸው፤ ስድስቶቹ ከስምንቶቹ ጋር ሰላምታ አቆሙ። በመካከል ደግሞ ነፋሱን ትተን በመስታወት የፀሐይን ሙቀት እንሰብስብ የሚሉ መጡና ሁለቱንም ኋላ ቀር ናችሁ ብለው ሰደቡ። መንኮራኩሩ ሰባት ሸራ ነበረው። ቆጥሮት የሄደ ሰው አልነበረም።

ሹም ጓንጉል ቅን ሰው ነው። የእሱ ጭንቀት ሚዛኑ እንዳይዛባ ነበር። ለአንድ የድጋፍ ድንጋይ አንድ የተቃውሞ ድንጋይ መኖር አለበት ይላል። ተቃዋሚ ሲያንስ ከደጋፊዎቹ መካከል በዕጣ እያወጣ ረቡዕ ረቡዕ ተቃዋሚ ያደርጋቸዋል። ሐኪሙ በከተማው አርባ ሰው ደረቱን እንደታመመ ሲጽፍ፣ ሹሙ በዚያው ልክ ሰፊ ድንጋይ ፈልጎ የማያስል ሰው አመጣ። ሰውየው «እኔ አላስልም» ብሎ ጻፈ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ደጋግሞ ሲያስል ሰምቼዋለሁ።

በጥር ባለመጋረጃዎቹ መጡ። ከየት እንደመጡ አናውቅም፤ ንግግራቸው ማር ነው። ካቡ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ደግ ነው፣ ግን ፀሐዩ፣ ግፊያው፣ የማይፈልጉትን ማንበቡ አያደክምም ወይ አሉን። ከካቡ ፊት ረጅም መጋረጃ ጋረዱ፣ ከውስጥ ወንበር ደረደሩ። የሚጠይቁህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን ያናድድሃል ይሉሃል። ከነገርካቸው በኋላ መጋረጃው ላይ ያንኑ የሚያናድድህን ድንጋይ ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ይከፍቱልሃል። ተናደህ መልስህን ስትጽፍ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታሉ። ምን እንደሚጠቀሙ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። እኔንም ከነወንበሩ ከውስጥ አስቀመጡኝና ለሰዉ አነብ ጀመር። ከመጋረጃው ውስጥ ሆኖ መንኮራኩሩ አይታይም።

አንጓችም ገባች። መጀመሪያ በሁለት ቀን አንዴ ነበር፤ ኋላ ጧትም ከሰዓትም ሆነ። «ጋሽ እርገጤ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አሉ?» ትለኛለች፤ እኔ መርጬ አነብላታለሁ። እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናገር። በዚያው ሰሞን ከላይ ሰፈር አንዲት ሴት «ሸራ ካነሰሽ እኔ ጋ አለ፤ ነይና ውሰጂ» ብላ ጽፋላት ነበር። አላነበብኩላትም። ደብዛዛ ነገር መስሎ ታየኝ። የአቶ ቢተውን ስድብ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንዲያውም ትንሽ ቅመም ጨምሬ አነበብኩላት። ፊቷ ሲቀላ፣ ሰዉ አንገቱን ሲያሰግግ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ መልስ አንድ ድንጋይ ነው። አንጓች በቀን አምስት፣ ስድስት ድንጋይ ታስቀምጣለች፤ ያለ መልስ የምታልፈው የለም። መርፌዋ ዛገ። የሰው ድንኳን ሳይሰፋ ቀረ። አንድ ቀን ድንጋይ ልጽፍላት ቤቷ ሄጄ ሞላልኝን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስትወጣ ቀና ብሎ አያትና «ዛሬስ ለስንቱ መለስሽ?» አላት።

«ለሰባቱ።»

«ከእኔ ጋር ከተጫወትሽ ግን ሰነበትሽ።»

«ላንተ ብዬ እኮ ነው፣ ሞላ» አለች። ሞላልኝ አውቃለሁ አለ። ሌላ ሊጨምር ፈልጎ ትንፋሹ አላደረሰውም። እኔ ቀለሜን ይዤ ቆሜ ጠበቅኳት፤ እሷም ተከተለችኝ።

አደባባዩ አካባቢ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲያልቅ ሰዉ ከነፋስ በር ግርጌ ማምጣት ጀመረ። ድንጋይ ተሸክሞ አደባባይ ድረስ መምጣት አድካሚ ስለሆነ ካቡን ወደ ድንጋዩ ማስረዘም ተመረጠ። ስለዚህ ጉዳይ ክርክር አልተደረገም። ካብ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያለው ነገር ነው የረዘመው። ባለመጋረጃዎቹም መጋረጃቸውን እያስረዘሙ ተከተሉት። በየካቲት ካቡ ከነፋስ በር ደረሰ፣ በመጋቢት የሦስት ሰው ቁመት ሆኖ ክፍተቱን ያዘ፤ መሃሉ ላይ ብቻ በሬ የማያሳልፍ ቀዳዳ ቀረ። መንኮራኩሩ እያዘገመ መጣ። አንጓች ነፋሱ የወቅቱ ነው አለች። ማናችንም ቀና ብለን አላየንም፤ ሁላችንም መልስ ይዘን ነበር።

ጢሱ ግን ይተኛ ጀመር። ሞላልኝ ጋደም ብሎ መተንፈስ አቃተው፤ ተቀምጦ ይውላል። አንጓች አንድ ጧት ወደ መጋረጃው ሳትገባ ቀርታ በየቤቱ ዞረች። ሦስት ቀን ብቻ ዝም በሉልኝ፣ ክርክሩ ይዘጋ፣ ባሌን ልታደገው ብላ እያንዳንዱን ደጅ አንኳኳች። የከተማችንን ሰው ማማት አልፈልግም፤ እንቢ ያላት አንድ ሰው የለም። አቶ ቢተው እንኳ እግሯ ላይ ስትወድቅ አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሰኞ ዝምታው ተጀመረ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ጨዋ ሰው ድንጋይ ይዞ መጥቶ «በወይዘሮ አንጓች ጥያቄ መሠረት ዝም ለማለት ተስማምቻለሁ» ብሎ አስቀመጠ። ይህን ያየ ሁሉ እኔስ ካልጻፍኩ የተቃወምኩ አይመስልም ወይ ብሎ ተጨነቀ። እስከ ማክሰኞ ማታ ሁለት መቶ ያህል ሰው መስማማቱን ጻፈ። አቶ ቢተው «ዝም የምለው ስለተለመንኩ እንጂ መልስ ስላጣሁ አይደለም» ብለው ጻፉ። ድንጋዮቹ በቅርብ የተገኘው ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ እሱም የመጨረሻው ቀዳዳ ነበር። ረቡዕ ጧት ነፋስ በር ድፍን አለ፤ መንኮራኩሩም ቆመ።

አቶ ቢተው ያን ዕለት ከመጋረጃው ውጭ ነበሩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩ። ከዚያም በዘመናቸው ከጻፉት ሁሉ አጭሩን ጻፉ፦ «ዞር ብዬ አየሁ። ቆሟል።» እውነታቸውን ነበር። ሰዉ አነበበው፤ የተቃወመም የደገፈም የለም። ሹም ጓንጉል ግን ይህም መልስ ስለሆነ የዝምታው ሦስት ቀን እንደገና ከዜሮ ይጀመር አለ። ይህን የሰማ ሁሉ ደግሞ መስማማቱን ሊጽፍ ድንጋይ አነሳ።

ጢሱ ዘጠኝ ቀን ሳይነሳ ዋለ። በቀትር መብራት አበራን። ሐኪሙ ከሞላልኝ ቤት ወጥቶ አንጓችን ዓይኗን ሳያይ ሄደ። በአሥረኛው ቀን ልትጠራኝ መጣች ብዬ ብዕሬን አዘጋጀሁ፤ የአቶ ቢተውን የሚያስንቅ መልስ አውጥቼላት ነበር። እሷ ግን አልፋኝ ወደ መንኮራኩሩ ወጣች። ሸራውን በእጇ ገፋ አደረገችው፤ ለቀቀችው፤ ቆመ። ጣቷን በምራቋ አርሳ ወደ ላይ ያዘች። ከዚያ ፊቷን ወደ ነፋስ በር አዞረችና ካቡን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ተጠግታ አንዱ ድንጋይ ላይ እጇን አሳረፈች። ጥጉ ላይ የመስቀለኛ ስፌት ምልክት አለበት። ከአጠገቡ ያለውም አለበት። ከላዩም፣ ከሥሩም። ለሁሉም መልስ ሰጥታለችና የሌለችበት ቦታ አልነበረም። ከሁላችንም ይበልጥ ነፋስ በርን የዘጋችው እሷ ነበረች፤ ጽሑፉ ሁሉ የእኔ እጅ ነው።

እሪ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም። የድንኳን ምሰሶዎቿን አምጥታ በገመድ አስራ መሰላል ሠራች፤ ወጥታ የመጀመሪያውን ድንጋይ ነቀለች።

ሰዉ ከመጋረጃው ወጥቶ ተሰበሰበ። ሹም ጓንጉል እያለከለከ ደረሰ። «ወይዘሮ አንጓች፣ ምን እያደረጉ ነው? ድንጋይ መንካት በሕግ ክልክል ነው።»

«የሌላ ሰው ድንጋይ ነው ክልክሉ። ይሄ የኔ ነው።»

ሹሙ ሕጉ ወደ ተጻፈበት ድንጋይ ሰው ላከ። የተላከው ተመልሶ እውነቷን ነው አለ። ሹሙ ላቡን ጠርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያስቡበት እንጂ። መልሶችዎን ካነሱ የእነሱ ቃል ብቻ ሊቀር ነው። ተሸነፉ ማለት እኮ ነው።»

አንጓች ድንጋዩን አቅፋ መሰላሉ ላይ እንደቆመች አየችው። «እሺ፣ ተሸነፍኩ» አለች። ድንጋዩን ወደ ታች ጥላ ወደሚቀጥለው ዞረች።

ይህ ቃል በከተማችን ተሰምቶ አያውቅም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ አንድ ሰው ተሸንፎ እንዲህ ቀጥ ብሎ መቆም እንደሚችል አላውቅም ነበር። መሰላሉ ሥር ሄጄ የምትጥለውን መሸከም ጀመርኩ። ሹሙ ድንጋዩ የተናገረው ሰው ንብረት ነው ወይስ የጻፈው ሰው የሚለው ላይ ማሰብ ጀመረ፤ እሱ አስቦ ሳይጨርስ እኔ ሃምሳ ያህል አመላለስኩ። ስንሠራ ያቺን የላይ ሰፈሯን ሴት ድንጋይ አየሁት። እጄን ከድንጋይ ላይ አንስቼ «አንጓች፣ ያላነበብኩልሽ አለ» አልኳትና አነበብኩላት። ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ «እግዜር ይይልዎት፣ ጋሽ እርገጤ» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን ፈጀ። ከአራት መቶ በላይ ነቀለች። የእሷ ድንጋይ ከሥር የነበረበት ቦታ የሌሎቹም በራሳቸው ጊዜ ተናዱ፤ የነካቸው ሰው የለም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በቀዳዳዎቹ የሆነ ፉጨት ተሰማ። የባለመጋረጃዎቹ መጋረጃ ሆዱን ነፋ፣ ተወጠረ፣ ከነካስማው ተነቅሎ ሄደ። ከውስጥ የነበሩት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን አሹ። መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲጢጥ አለና ዞረ።

አንጓች በመጨረሻ ወደ አደባባዩ ወርዳ ያቺን «ባሌ መተንፈስ ይፈልጋል» የምትለዋን የመጀመሪያዋን ድንጋይ አወጣች። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ገመዱን ከመንኮራኩሩ ጋር አሰረች። ሹም ጓንጉል መዝገቡን ገለባበጠ። ነገሩ ካቡ ላይ እንዲቀርብ ሕጉ ያዛል፤ ቀርቧል። ክርክሩ እስኪያልቅ ይከልክል ይላል፤ ግን ያቀረበችው ሰው ቃል ካቡ ላይ ስለሌለ ክርክር የለም። ያልጀመረ ክርክር አላለቀም ብሎ መከልከል ይቻል እንደሆነ አጥንቶ ሊነግረን ወደ ቤቱ ሄደ፤ እስካሁን እያጠና ነው። ውሃው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ያዩት የሞላልኝ ጓደኞች፣ የምድጃው ሠራተኞች፣ ታዲያ ለምን እንማግዳለን ብለው ማንንም ሳይጠይቁ ሦስቱን አፍ ዘጉና ጥላ ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጧት ሞላልኝን ልጠይቀው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ነፋሱ በካቡ ቀዳዳዎች እየገባ ፊት ለፊት ይመታዋል። አንጓች መርፌዋን በአሸዋ እየፈተገች ዝገቱን ታስለቅቃለች። ሞላልኝ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ «አንጓች፣ በረደኝ» አላት። እሷ እጇ ቆመ። ከምድጃው ሙቀት የተነሳ በዚህ ከተማ በርዶት የሚያውቅ ሰው የለም። ተነስታ ጋቢውን ደረበችለትና መልሳ ከአጠገቡ ተቀመጠች። እኔም ሰላምታዬን ውጬ ተመለስኩ።

ካቡ አሁንም አለ፤ አሁንም ለሁሉም ክፍት ነው። የእሷ የሆነ አንድ ድንጋይ ብቻ አለው። ከግርጌ፣ ከዚያ ስም ከሌለው መንገደኛ ድንጋይ አጠገብ ነው፤ ሸራው እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያሳይ ሥዕል አለበት፤ «የፈለገ ይውሰደው» አስብላኛለች። መልስ የሰጠበት የለም። ከላይ ሰፈር ግን ሁለት መንኮራኩር ቆሟል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከእሱ በላይ ያለውን ካብ ያነበበ መንገደኛ ደግሞ ይህ ከተማ መንኮራኩርን ተከራክሮ አሸነፈ ብሎ ይሄዳል፤ የሠራችው ሴት የመለሰችው ቃል የለማ።

ባለፈው ሰሞን አቶ ቢተው አዲስ ድንጋይ አስቀመጡ። «አንጓች መልስ አጥታ ሸሸች» ይላል። ሳነበው ደሜ ፈላ። መልሱን አውቀዋለሁ። የጻፍኩላትን አራት መቶ መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ያልጻፍኩት፣ ያን በአሥረኛው ቀን ያዘጋጀሁት ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጥኩ፤ ጻፍኩት፤ በስድስት መስመር አቶ ቢተውን መቀመቅ አወረድኳቸው። ተሸክሜ ነፋስ በር ደረስኩና ልክ የሚገጥመውን ቀዳዳ አገኘሁ። ድንጋዩን ወደ አፉ ሳስጠጋው ነፋሱ ከወዲያ እጄን መታኝ። ከቀዳዳው ወዲህ ዞር ብዬ ስመለከት ትይዩው የሞላልኝ ደጃፍ ነው።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ክንዴ ደንዝዟል። በመጨረሻ ድንጋዩን ይዤ ወረድኩና ደጃፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምን ይዘው መጡ፣ ጋሽ እርገጤ?» አለችኝ አንጓች። በጥቀርሻ የጠቆረውን እጄን አየችው። «ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። መቀመጫ ነው» አልኩና የተጻፈበትን ፊት ወደ መሬት ገለበጥኩት። ሞላልኝ ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠበት፤ ይመቻል አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ እዚያው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስድስቱ መስመር ከሥሩ እንዳለ ትዝ ይለኛል፤ መልሱም እስካሁን ምላሴ ላይ ያሳክከኛል።